ሮሊንግ አድሚሽን ወይስ ቀን የተቆረጠለት? ለአሜሪካ ኮሌጅ መቼ እናመልክት

ልጁ 12ኛ ክፍል የገባለት ወላጅ «ይሄ ዩኒቨርሲቲ ሮሊንግ ነው» (ማመልከቻ እንደመጣ እያየ ለረጅም ጊዜ ይቀበላል) ሲባል «እንግዲያው ጊዜ አለን» ይላል። ብዙ ልጆችን የሚጎዳው ይህ ሐሳብ ነው።

በመደበኛው አሠራር ማመልከቻ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ሰብስቦ ያወዳድርና ማርች መጨረሻ ገደማ መልስ ይሰጣል። ቀድሞ የላከውም በመጨረሻው ምሽት የላከውም እኩል ይታያሉ። ሮሊንግ ላይ ግን ማመልከቻው እንደየአመጣጡ ይነበባል። መልሱም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቦታው እየሞላ ሲሄድ ለኋለኛው የሚቀረው ያንሳል። ነርሲንግና ኢንጂነሪንግን የመሰሉ ተፈላጊ ክፍሎች ቀድመው ይሞላሉ። ስኮላርሺፕም እንዲሁ ነው፤ ማመልከቻው ክፍት ሆኖ የስኮላርሺፑ ቀን ግን ያለፈበት ብዙ ቦታ አለ።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ኖቬምበር ላይ ያመለክታሉ፣ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ያውቃሉ፤ ከተቀበሏችሁ ግን የመግባት ግዴታ አለ። የትምህርት ቤቶችን የገንዘብ እርዳታ ጎን ለጎን አይቶ መወሰን ለሚፈልግ ቤተሰብ እኔ አልመክረውም። ኧርሊ አክሽንም ቀድሞ ማመልከት ነው፤ ግን የመግባት ግዴታ የለውም። ሜሪላንድ ላላችሁ፣ የኮሌጅ ፓርኩ ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹን ተማሪዎች የሚወስደው ኖቬምበር 1 ድረስ ካመለከቱት ነውና ይህች ቀን አትለፋችሁ።

ታዲያ ሮሊንግ ላይ መቼ? ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ኦገስት 1 ይከፈታል። ለእኔ ጥሩው ጊዜ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ድርሰት ሳይሆን ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት ማስረጃው) ነው። ልጁ የበኩሉን ልኮ ጨርሷል፤ የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ግን ገና ወረቀቱን አልላከችም። ፋይሉ ካልተሟላ ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቅ። የ11ኛ ክፍል ውጤቱ ደከም ያለ ልጅ የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ውጤቱ እስኪወጣ ቢጠብቅ ክፋት የለውም። ከኖቬምበር ባያልፍ ግን ጥሩ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ የሮሊንግ ጥቅም ይበልጥ ይሰፋል። ተቀባይነቱ ዲሴምበር ላይ ከመጣ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠውን ወረቀት) ለማስላክ፣ የባንክ ማስረጃ ለማዘጋጀትና የኤምባሲ ቀጠሮ ለመያዝ ወራት ይተርፋሉ። ኤፕሪል ላይ የተቀበለ ግን ሁሉንም በጥድፊያ ነው የሚሠራው።

ቀድሞ የመጣ ደብዳቤ ሌሎቹን ከመጠበቅ አያግድም፤ ለአብዛኞቹ የመጨረሻው የመወሰኛ ቀን ሜይ 1 ነው። የዘገያችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በጸደይም በራቸውን ያልዘጉ አሉ። የማመልከቻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ቢሮው ደውላችሁ የፈለጋችሁት ዲፓርትመንት አሁንም ተማሪ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።