ዛፍ ቆራጭ ፍለጋ ቀበና ላይ

አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ሆቴል፣ ስለ ክትፎ ቤት፣ ስለ ታክሲ ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ስለ ዛፍ ቆራጮች ነው። ከሦስት ሳምንት ዕረፍቴ አንዱን ሙሉ የበሉት እነሱ ናቸው።

የእማዬ ቤት ቀበና ነው፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ። ግቢው ውስጥ አራት ዛፍ አለ። በሩ አጠገብ አባዬ የተከለው ጽድ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ቆርቆሮውን የተጫነ ባሕር ዛፍ፣ መሃል ላይ አቮካዶ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ኮክ። ባለፈው ክረምት ከባሕር ዛፉ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ማድቤቱ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። እማዬ ግን ከዚያ ወዲህ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። «ለገና ስትመጪ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያ ስህተቴ ደላላ መጥራት ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ልጆች፣ አንድ የሞተር መጋዝና አንድ አይሱዙ ይዞ ከች አለ። በፍጥነት አሥር ከአሥር ሰጥቼዋለሁ። የጠየቁኝ 35 ሺህ ብር ነው። ተከራክረን 22 ሺህ ላይ ቆምን፤ ግማሹ ቀብድ። በልቤ «ርካሽ ነው» አልኩ። የዲያስፖራ በሽታ ነው ይሄ፣ ሁሉን ነገር ለዶላር ማካፈል።

ያላስተዋልኩት ደላላው በመሃል ጣል ያደረጋትን «እንጨቱ የልጆቹ ነው» የምትለውን ነገር ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ገንዘብ ነው እኮ። ቀጥ ያለው አጠና ይሆናል፣ የቀረው ፍልጥ ይሆናል፣ ቅጠሉ እንኳ እንጀራ ይጋገርበታል። ከፍዬ እንጨቱንም መረቅኩላቸው ማለት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ልጆቹ አንዳቸውም ቀና ብለው ዛፉን አላዩትም። የጠራኋቸው ለባሕር ዛፉ ነው። እነሱ ግን «ለመኪናው መግቢያ ጠበበን» ብለው ከጽዱ ጀመሩ። አንደኛው ወጣና አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ አስጠግቶ ከላይ ወደ ታች ለቀቀበት። መጋዙ ግማሽ ሲደርስ ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ተገነጠለ። ሲወርድም የግንዱን ቅርፊት አንድ ክንድ ያህል ልጦ ይዞት ወረደ። ውስጡ ቀይ ነው፣ እርጥብ። ግቢው በአንዴ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሸተተ። ጽድ እርሳስ የሚሠራበት እንጨት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ቅርንጫፉ ያረፈው ደግሞ ዲሹ ላይ ነው።

አለቃቸው አልደነገጠም። «ችግር የለውም እህቴ። አናቱን ቆርጠን እናሳጥረውና ብርሃንም ታገኛላችሁ። ቁስሉን ቀለም እንቀባዋለን» አለኝ።

እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። አረንጓዴ ያልቀረበት አሮጌ እንጨቱ ላይ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም። አናቱ ከሄደ ሄደ ነው። ይህን የማውቀው ተምሬው አይደለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጎረቤቴ ዛፍ ስታስመለምል አጥር ተደግፌ ወሬ ስሰማ የለቃቀምኩት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በክፍያ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የስቴቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሰውዬው ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አሳይቶ ነው ሥራ የጀመረላት። እኔ ግን እናቴ ቤት ስደርስ ያንን ሁሉ ረስቼ «መጋዝ አላችሁ?» ብቻ ጠየቅኩ። ቀብዱ በዚያው ቀረ። ዲሹም እንደተጣመመ ቀረ።

ሁለተኛውን ሰው ያገኘሁት በጎረቤት ዘበኛ በኩል ነው። የዚያ ግቢ ዛፎች ሲያምሩ ሁልጊዜ አያለሁ። «ማን ነው የሚይዝላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት። ዕድሜያቸውን ችግኝ ጣቢያ ሲሠሩ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት መጡ። የእጅ መጋዝ፣ ገጀራና ገመድ በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘዋል። አብሯቸው ቀጠን ያለ ወጣት አለ። ለሳቸው በቀን 1,500 ብር፣ ለልጁ 800።

ቡና ጠጡ። ባሕር ዛፉን ዞሩት። እንደገና ዞሩት። በገጀራው ጀርባ ግንዱን ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ከፍ ብለው፣ ዝቅ ብለው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ትዕግስቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ መቼ ይጀምራሉ?»

«ጀምሬያለሁ እኮ ልጄ።»

ከዚያ እጄን ይዘው ግንዱ ሥር አስቀመጡኝና ራሴ እንድመታው አደረጉ። ከላይ ድፍን ድምፅ ነው። ታች፣ ወደ ማድቤቱ በኩል፣ እንደ ከበሮ ባዶ። ውስጡ በስብሷል። መመልመል አያድነውም፣ መውረድ አለበት አሉ። ታናሽ ወንድሜ ወረዳ ሄዶ ጠይቆ ፈቃዱን ጨረሰ። አንደኛው ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ላይ ስለተንጋለለ መስመሩ ሳይጠፋ ንክች አላደርግም አሉ። ወንድሜ «መብራት የጠፋ ቀን እንቆርጠዋለን» ብሎ ነበር። «ልጁ ዛፉ ላይ እያለ መብራቱ ቢመጣስ?» አሉት። ዝም አለ። አመልክተን፣ መስመሩ ተቋርጦ ነው የተቆረጠው።

አወራረዱ ሳይከፈልበት የሚታይ ትርኢት ነው። ወጣቱ ወገቡን ታስሮ ከላይ እየቆራረጠ ይመጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ በገመድ ይወርዳል። ገመዱን ጽዱ ላይ ሁለት ዙር አዙረው ሽማግሌው ራሳቸው ይለቃሉ። ግንዱን እንዳይልጠው ማዳበሪያዋን ከሥር አድርገዋል። ማድቤቱ ላይ አንድ ቅጠል እንኳ በኃይል አልወደቀም። እንጨቱ ዘንድሮ የእማዬ ነው። ፍልጡ አጥር ሥር ተደርድሯል።

ባሕር ዛፍ ነገሩ ይገርመኛል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ስሙ ራሱ «ከባሕር ማዶ ነኝ» ይላል። አሁን ግን ቀበና ላይ ከኔ የበለጠ ባላገር እሱ ነው።

የተላጠውን ጽድ ያከሙበት መንገድ ደግሞ ብቻውን የቀን ክፍያቸውን ያወጣል። ልጆቹ ጎራርደው የተዉትን አንድ ረጅም ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብለው ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ገዘገዙት። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ቆረጡት። ሲገነጠል ቅርፊቱ ያች ከሥር የተገዘገዘች ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። የቀረችውን ጉማጅ በሦስተኛ አነሷት፤ ግን ግንዱ ላይ አልተለጠፉም። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣበት ቦታ እንደ ኮሌታ ያበጠ ነገር አለ። እሱን ሳይነኩ ከጫፉ ነው የቆረጡት። «ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው» አሉኝ።

«ቀለም ልግዛ?»

«ለምን? ቤት ነው እንዴ?»

አቮካዶውን ማንም አልጠየቃቸውም። ራሳቸው ናቸው ቆመው ያዩት። ቅጠሉ ቢጫ ነው፣ ፍሬው ገና ሳይደርስ ይረግፋል። ጥፋቱ የኔው ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት «ጭቃ አይኑር» ብዬ ግቢውን ሊሾ ሳስደርግ ሲሚንቶው እስከ ግንዱ ድረስ ተጠግቷል። ሥሩ አየር ያጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከጣራ የሚወርደው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ መሄጃ አጥቶ እሱ ላይ ይቆማል። አቮካዶ ደግሞ ውሃ የቆመበት መሬት አይወድም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ሊሾውን በክብ አስፈልጠው አነሱ። የውሃ መውረጃ ቀየሱ። ፍግና የደረቀ ቅጠል አለበሱት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር አርቀው። የከፈልኩበትን ሊሾ ለማስነሳት እንደገና ከፈልኩ።

ችግኝ ግዢው ላይ ብዙ አልቆይም። በባሕር ዛፉ ፋንታ ዝግባ ፈለግኩ። መንገድ ዳር ካሉት ሻጮች ከአንዱ ገዛሁ። ትልቁን መርጬ ነው። ሽማግሌው ፕላስቲኩን ሲቀዱት ሥሩ ውስጥ ለውስጥ እንደ ምንጣፍ ተጠምዝዟል። በቁመቱ ሳይሆን በሥሩ ምረጪ ነበር ነገሩ። የተጠመዘዘውን ፈትተው፣ ሰፋ ያለ ፕላስቲክ ውስጥ አዛውረው ጥላ ሥር አስቀመጡልኝ። ጥር ላይ አይተከልም፣ ዝናቡ ሲገባ ሰኔ መጨረሻ ነው ጊዜው። ትኬቴ ግን የጥር ነበር። ተከላው ለወንድሜ ተላለፈ።

ሲጨርሱ ተጨማሪ ብር ልሰጣቸው ስል አንገራገሩ። ኋላ ለወጣቱ ተቀበሉልኝ። የሚጎድላቸው ነገር አለ? አለ። ልጁ ገመዱ ጥሩ ነው፣ ራስን ከአደጋ የሚከላከል ጠንካራ ኮፍያ ግን የለውም። ለቀጣዩ አንድ ልኬላቸዋለሁ። ሥራቸውን የወደደ ሰው ካለ ዘበኛው ያገናኛል፤ ስልካቸውን እዚህ መበተን ግን አልፈልግም።

ስሄድ የመጨረሻ ምክራቸው ስለ ጉቶው ነበር። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያው ለጋ እያለ በእጅ መሰበር አለበት፣ ደጋግሞ፣ እስኪደክመው። ይህን ለእማዬ ሦስት ጊዜ ነግረዋታል።

ትናንት ስደውልላት ሦስት ቦታ ብቅ ብሏል አለችኝ።

«ሰበርሽው?»

«ገና ነው። ትንሽ ይደግና። አሁን እንደው አንጀት ይበላል።»