ሃርድ ዲስክ ወይስ ጉግል ፎቶስ?

የሰርግ ፎቶው፣ የልጅ ልደቱ፣ የዲዛይን ፋይሉ ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ካለ፣ ላፕቶፑ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው መጠባበቂያ ብሎ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ፎቶን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጉግል ፎቶስ።

በፍጥነት ከሁለቱ ሃርድ ዲስክ ይበልጣል። 200 ጊጋባይት በዩኤስቢ 3 አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ይገለበጣል። ያንኑ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን ኢንተርኔት ልጫን ካሉ፣ ሳይቋረጥ እንኳ አራት ቀን ገደማ ይፈጃል። መብራት ከሄደማ ተዉት። ሃርድ ዲስክ ወርሃዊ ክፍያም የለውም።

ችግሩ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ሊያልቅለት ይችላል። ሌባ ከገባም ከላፕቶፑ ጋር ጠቅልሎት ይሄዳል። ስለዚህ ገልብጠው ሲጨርሱ ነቅለው፣ ቢቻል ዘመድ ቤት ያስቀምጡት።

ጉግል ፎቶስ ይህ ስጋት የለበትም፤ ስልክዎ ቢሰረቅ ፎቶው በሌላ ስልክ ይከፈታል። ግን ነፃው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ እሱም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የሚጋሩት። «ስቶሬጅ ሴቨር» የሚለውን ከመረጡ ደግሞ ፎቶውን ይጨምቀዋል።

ብዙዎችን ጉድ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ስልኩ ሞላ ብለው ከአፑ ውስጥ ፎቶ ሲሰርዙ፣ ጉግል ላይ የተጫነውም አብሮ ይሰረዛል። 60 ቀን ትራሽ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ የለም። ቦታ ለማስለቀቅ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ይንኩ እንጂ አይሰርዙ፤ እሱ የተጫነውን ሳይነካ ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል።

እኔ ለስልክ ፎቶ ጉግልን፣ ለካሜራ ሮው ፋይል (ካሜራው ላላቀነባበረው ጥሬ ፎቶ) እና ለፎቶሾፕ ሥራ ሃርድ ዲስክን እመርጣለሁ። የማይተኩትን ፎቶዎች ግን ሁለቱም ላይ።