መልቲቫይታሚን ለታይሮይድ ታካሚ፦ ከመግዛት በፊት

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የቫይታሚን እጥረት አብረው የተገኙባቸው ሰዎች ቶሎ የሚያነሱት ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ባዮቲን በአንድ ፍሬ የያዘውን መልቲቫይታሚን ነው። ለመዋጥ ይቀላል፤ ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ብረትና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን (የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ መድኃኒቱን) አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም በበቂ እንዳይገባ ያደርጉታል። መድኃኒቱንና መልቲቫይታሚኑን አብሮ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቲኤስኤቹ (ሆርሞኑ ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ልኬት) ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ከዚያ መጠኑ ያለአግባብ ይጨመርለታል። ሌቮታይሮክሲን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰድ፤ መልቲቫይታሚኑ ከዚያ ቢያንስ 4 ሰዓት ቆይቶ፣ ቢቻል ከምሳ ጋር። ቫይታሚን ዲ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን የተሻለ ይሰርጋል።

የባዮቲኑን መጠን ከማሸጊያው ጀርባ ሳታነቡ አትግዙ። «ለፀጉርና ለጥፍር» ከሚባሉት ብዙዎቹ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም አላቸው፤ ለአዋቂ በቀን 30 ይበቃል። ብዛቱ በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን (የታይሮይድ ሆርሞኑን) ደግሞ ከፍ አድርጎ በስህተት ያሳያል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን አስቀድማችሁ አቁሙት፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። ኬልፕ (አዮዲን የበዛበት የባሕር አረም) ያለበትን ጨርሶ ተዉት፤ የአዮዲን ብዛት ታይሮይዱን ይበልጥ ያውካል።

የብረት ወይም የቢ12 እጥረት በምርመራ ለተረጋገጠበት ሰው ግን ሐኪም ያዘዘው ነጠላ መድኃኒት ይሻላል፤ በመልቲቫይታሚን ውስጥ ያለው ብረት ባዶ የሆነ ክምችት ለመሙላት አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል።