ዊንዶውስ 11 ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር፦ ኢንተርኔት ላይ ጎበዝ፣ ፍላሽ ላይ ሰነፍ

አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ከዋጋው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «አንቲቫይረስ ይጫንበት ወይ?» የሚል ነው። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ተጭኖበታል። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አይከፈልበትም፣ ጊዜው አያልፍም፤ ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሱን የቻለ ሙሉ አንቲቫይረስ ነው። ቤቱ ዋይፋይ ላለው፣ አፕዴት ለማያቋርጥና ክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚዞር ባለክፍያ ፕሮግራም) ለማይነካ ሰው ይበቃዋል፤ ሌላ ገዝቶ መጨመር ብር ማባከን ነው። እኛ ዘንድ ግን ኮምፒውተር የሚኖረው እንዲህ አይደለም። ዳታ ያልቃል፣ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዲፌንደር የሚደክመውም እዚያው ላይ ነው።

ዲፌንደር የማያውቀው ፋይል ሲገጥመው ብቻውን አይፈርድም። የፋይሉን መለያ ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ይልክና መልሱ እስኪመጣ ለጥቂት ሰከንዶች ያግተዋል። ጉልበቱ በአብዛኛው ከዚህ የክላውድ ምርመራ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ከሌለ የሚቀረው ማሽኑ ላይ ያለው የቫይረስ ዝርዝርና የፕሮግራሞችን ጠባይ መከታተል ብቻ ነው። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የተባለው የኦስትሪያ የሙከራ ተቋም አንቲቫይረሶችን በኢንተርኔትና ያለ ኢንተርኔት ለይቶ ይፈትናል፤ በሁለተኛው ፈተና የዲፌንደር ውጤት በጉልህ ይወርዳል።

ያልተገናኘ የቢሮ ኮምፒውተር ካለ ዝርዝሩን በእጅ ማድረስ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ የዲፌንደር «ሴኪዩሪቲ ኢንተለጀንስ» ማደሻ ፋይል አለ፤ ባለ 64 ቢቱን አውርዱ። ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ዳታ ይበላል። በፍላሽ ወስዶ ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ነው። ሲጫን ምንም መስኮት ስለማያሳይ «አልሠራም» ብሎ ደጋግሞ የሚነካካው ሰው አይጠፋም፤ መሥራቱ የሚታወቀው ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ በሚባለው የዲፌንደር መቆጣጠሪያ ውስጥ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ሥር ያለው ቀን ሲቀየር ነው። በሳምንት አንዴ ይደረግ።

ወደ ፍላሹ እንምጣ። «ፉል ስካን» ሲታዘዝ ዲፌንደር ካልተነገረው በቀር የተሰካውን ፍላሽ ይዘለዋል፤ የሚፈትሸው የኮምፒውተሩን ዲስክ ነው። ከዚህ የባሰው ግን የማይታየው ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ዊንዶውስ ከውጭ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያኖራል፤ ስማርትስክሪን የሚባለው ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ የሚነሳው ይህን ምልክት አይቶ ነው። ምልክቱ ግን የሚቀመጠው ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ በሆነ ዲስክ ላይ ነው (የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ እንዲህ ነው)፤ ፍላሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማታቸው ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው። ፋይሉ በፍላሽ ሲያልፍ ምልክቱን መንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል። ያው ፕሮግራም ቢወርድ ያስጠነቅቅ የነበረው ኮምፒውተር፣ በፍላሽ ሲመጣለት ዝም ይላል።

ስለዚህ ፍላሽ እንደተሰካ ከመክፈት በፊት «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ቀኝ ክሊክ፣ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር»። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ገብቶ «ኦቶፕሌይን» (ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳውን) ማጥፋትም አይከፋም። ዶክመንቶቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ከታየ ለፎርማት አትቸኩሉ፤ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልተሰረዙም። ሾርትከቱን መጫን ግን ትሉን (ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ራሱን የሚያባዛውን ቫይረስ) መቀስቀስ ነው። መጀመሪያ ስካን አድርጋችሁ አስወግዱት። ቀጥሎ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ሂድን አይተምስ» ምረጡ። አሁንም ካልታዩ ትሉ የሲስተም ፋይል አስመስሏቸዋል ማለት ነው፤ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። የራሳችሁን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፤ ፎርማት ከዚያ በኋላ ነው።

ክራክና አክቲቬተር (ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ሳይከፈል የሚያስከፍት ፕሮግራም) ላይ ዲፌንደርን መውቀስ አይቻልም፤ በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ዚፕ ፋይሎች የይለፍ ቃል የሚደረግባቸው በምክንያት ነው፦ የተቆለፈ ዚፕ ውስጡ አይመረመርም። መመሪያው ደግሞ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አንዳንዱ አክቲቬተር ከዚያም አልፎ ራሱን ከፍተሻ ነጻ አድርጎ ያስመዘግባል። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ታች «ኤክስክሉዥንስ»። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የማታውቁት ፎልደር ወይም ሙሉ ዲስክ ካለ አስወግዱት፤ ከዚያ «ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» እዘዙ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፣ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ተደብቆ የሚሠራውን ያገኘዋል። መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ይሁን።

ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ለሚጠይቁ ቫይረሶች የተሠራው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይበራል። የሚያሰለቸው ነገር እምብዛም ያልታወቀ ፕሮግራም «ዶክመንትስ» ውስጥ ሴቭ ላድርግ ሲል መከልከሉ ነው። በዚያው ገጽ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ተማርሮ ጠቅላላውን ማጥፋት አያስፈልግም።

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ማካፊ ወይም ኖርተን የሚባል ሌላ አንቲቫይረስ በሙከራ ተጭኖ ከመጣ፣ እሱ እስካለ ዲፌንደር ገለል ይላል። መክፈል ካልፈለጋችሁ «ኢንስቶልድ አፕስ» ገብታችሁ አራግፉት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ዲፌንደር መመለሱን አረጋግጡ። ከአሜሪካ በመጣ ላፕቶፕ ላይ የሩሲያው አንቲቫይረስ ካስፐርስኪ ካለ ደግሞ ላይታደስ ይችላል፤ የአሜሪካ መንግሥት ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እዚያ ላሉ ደንበኞች ማደሻ እንዳይልክ ከልክሎታል።

ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ያዋጣል የምንለው በቀን የብዙ ደንበኛ ፍላሽ ለሚቀበል የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ነው። የሚገዛው ያለ ኢንተርኔት በተደረገው ፈተና ጥሩ ያመጣውና ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚፈትሸው ይሁን። ሁለት አንቲቫይረስ እኩል ማሠራት ኮምፒውተሩን ያንቀረፍፋል፤ የተገዛው ሲገባ «ፔሪዮዲክ ስካኒንግ» ቢበራ ዲፌንደር አልፎ አልፎ ብቻ እየተነሳ ይፈትሻል።