የስልክን መስታወት ለመጠበቅ፦ ከቨር ወይስ ስክሪን ፕሮቴክተር?

ከባጃጅ ሲወርድ ስልኩ ኮብልስቶን ላይ የወደቀበት የጅማ ነዋሪ ገንዘቡን በከቨር ላይ ያውለው ወይስ በስክሪን ፕሮቴክተር ላይ ብሎ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሁለቱ የሚከላከሉት አደጋ ግን የተለያየ ነው።

ጎሪላ ግላስን የመሰሉ የስልክ መስታወቶች የሚጠነክሩት በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክረው ነው፤ ትልልቆቹ የፖታሲየም አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) በመስታወቱ ውስጥ ያሉትን የትንንሾቹን የሶዲየም አየኖች ቦታ ስለሚይዙ የመስታወቱ ገጽ ተጨምቆ ይቆያል፣ ስንጥቅም በቀላሉ አይስፋፋበትም። ሆኖም በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን፣ የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 7 በመሆኑ ይጭረዋል፤ የተጫረ መስታወት ደግሞ ሲወድቅ ለመሰበር ይቀለዋል።

ስክሪን ፕሮቴክተር፦ ጭረቱን ራሱ ይቀበላል፣ ሲሰነጠቅም ስክሪን ከማስቀየር እጅግ ባነሰ ወጪ ይተካል። የስልኩን ጠርዝና ጀርባ ግን አይሸፍንም።

ከቨር፦ ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ያለ ለስላሳ ከቨር፣ ስልኩ በማዕዘኑ ሲያርፍ የግጭቱን ኃይል ያረግባል፤ ከመውደቅ ለመጠበቅ ቅድሚያ የሚገባው በእኔ እምነት ይህ ነው። ስልኩን ያወፍረዋል፣ አሸዋም ስለሚገባበት በየጊዜው ተወልቆ መጽዳት አለበት።

አቧራ በሚበዛበት ገበያ ለሚውል ሰው ፕሮቴክተሩ ይቀድማል፤ ሞተር ለሚነዳ፣ ሕፃናት ስልክ ለሚይዙበት ቤት ወይም ጠፍጣፋ ፕሮቴክተር ለማይገጥመው ጠርዘ ጎባጣ ስክሪን ከቨሩ ይሻላል።