ላፕቶፕ ላይ ዘፈን ለመስማት፦ ሴቲንግ ልቀይር ወይስ ሳውንድ ካርድ ልግዛ?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ላፕቶፔ ላይ ዘፈን ስሰማ ድምፁ አይጥመኝም፤ ሳውንድ ካርድ ልግዛ?» ለእያንዳንዳቸው በቴሌግራም ድምፅ ቀድቼ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አምስት ሳንቲም ሳታወጡ ሴቲንጉን ቀይሩ። ካላረካችሁ የአፕልን ትንሿን የዩኤስቢ ሲ ጃክ (የሄድፎን ቀዳዳ) አዳፕተር ግዙ፤ እሷም ትንሽ ሳውንድ ካርድ ነች። ለመስማት ብቻ ከሆነ ከዚያ በላይ አታውጡ።

ይህን የምለው ብዙ ብር ካባከንኩ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት የላፕቶፔ ጃክ የግራውን ጆሮ ማጥፋት ጀመረ። ገመዱን በጣቴ ይዤ ካላዘነበልኩት አይሰማም። ጥገና ቤት ወስጄ 900 ብር ከፈልኩ፤ ጃኩ ተቀየረ። ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ሆነ። ጃኩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሲከፈት ከሥሩ ያለው የመዳብ መስመር ተልጦ ተገኘ። በቃ፣ ተውኩት።

ከዚያ መርካቶ ሄጄ በ400 ብር «7.1» የተጻፈባት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። 7.1 ማለት ስምንት ቻናል ማለት ነው። ዕቃዋ ያላት ግን አንድ የሄድፎንና አንድ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስምንቱ ቻናል በየት በኩል ይወጣል? የምታወጣው ግራና ቀኝ ብቻ ነው፤ ሌላው በሶፍትዌር የተጨመረ ማስተጋባት ነው። ዘፈኑ ሲቆም ሽሽሽ ትላለች። ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ እምምም የሚል ይጨመርበታል። ዋሽንት ስሰማ የነፊው ትንፋሽ የቱ እንደሆነ፣ የእሷ ሽሽታ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። 900 እና 400፣ 1,300 ብር ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። ፉባር2000 የሚባለውን ነጻ ማጫወቻ ጫኑ፤ ሚውዚክቢም ይሆናል። አውትፑት የሚለውን፣ ድምፁ የሚወጣበት መንገድ የሚመረጥበትን፣ ስትከፍቱ የስሞች ዝርዝር ይመጣል፤ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ዳይሬክትሳውንድ የድሮው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሥሩ ዋሳፒ የሚባለው አዲሱ የዊንዶውስ የድምፅ መንገድ ሆኗል፤ ስለዚህ በእሱና በተራው ዋሳፒ መካከል ልዩነት ፍለጋ አትድከሙ። በሁለቱም ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አንድ ላይ ያቀላቅልና ወደ አንድ የናሙና መጠን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚናገር ቁጥር) ይለውጠዋል። ከሲዲ የተቀዳው ዘፈን 44,100 ሄርዝ ሆኖ ላፕቶፑ 48,000 ላይ ከተስተካከለ፣ ዘፈኑ ተቀይሮ ይወጣል።

የእኔ ምርጫ ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ ነው። ማጫወቻው ሳውንድ ካርዱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ማቀላቀል የለም፣ መለወጥ የለም። እውነቱን ለመናገር በመለወጡ የሚመጣውን ልዩነት በጆሮ ለመለየት ከባድ ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ላፕቶፑ ሲመረት የተጫነበት ባስ የሚያበዛ ድምፅ ማሳመሪያ ይታለፋል። ክራሩ እንደ ክራር ይሰማል፤ ከበሮ ሲገባ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ኋላ አይሸሽም። ዘፈን መሃል የቴሌግራም «ጢን» አይገባም። ጉዳቱ፣ ዘፈኑ እየሄደ ዩቲዩብ ድምፅ አይኖረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩት ድምፁን ቀንሱ፤ ድንገት ሊጮህ ይችላል።

«አሲዮ ይሻላል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አሲዮ ሌላ የድምፅ መንገድ ነው፤ የጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ ለስቱዲዮ የሠራው። ዘፋኝ ማይክ ላይ ሲዘፍን የራሱን ድምፅ ሳይዘገይ እንዲሰማ ነው። እናንተ ግን አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ ነው የምትሰሙት፤ ዘፈኑ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገይ ምን ቸገራችሁ? የራሱ አሲዮ ለሌለው ካርድ የሚጫን አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። እኔ ጭኜው በፈር የሚለውን፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን፣ ሲበዛ አሳንሼ ዘፈኑ ጭርጭር እያለ ሲቆራረጥ አንድ ሌሊት ሙሉ አደርኩ። ለመስማት አያስፈልግም። እንደ ስካርሌት ያሉ የስቱዲዮ ካርዶችም የሚቀዳ ሰው ዕቃ ናቸው፤ ዋጋቸው ከአፕሏ አዳፕተር ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አዳፕተሯ አሜሪካ 9 ዶላር ነች። ትንሽ ነጭ ገመድ ትመስላለች እንጂ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ቺፕ ውስጧ አለ። ሽሽታ የለም፣ እምምም የለም። ቦሌ አንድ ሱቅ 2,800 ብር አለኝ። መገናኛ ሌላው «ኦርጅናል ነው ወንድሜ» ብሎ በ700 ብር ሸጠልኝ። ቤት አምጥቼ ስሰካት ላፕቶፑ ጭራሽ አላያትም። ለካ ውስጧ ቺፕ የለም፤ ባዶ ሽቦ ነች። እንዲህ ያለችው የምትሠራው በዩኤስቢ ሲ ቀዳዳቸው የተዘጋጀ ድምፅ ለሚያወጡ አንዳንድ ስልኮች ብቻ ነው። ስለዚህ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳትከፍሉ ሰኩ። ድምፅ ሴቲንግ ውስጥ አዲስ ስም ካልመጣ ሂሳብ እንዳታወጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካዋና የአውሮፓዋ አንድ አይደሉም። ገመዱ ላይ በደቃቃ ጽሑፍ ቁጥር አለ፦ ኤ2049 ከሆነች የአሜሪካዋ ነች፣ እስከ 1 ቮልት ታወጣለች። ኤ2155 የአውሮፓዋ ነች፣ ግማሹን ነው የምታወጣው። ለጆሮ ውስጥ ኤርፎን ሁለቱም ይበቃሉ። ትልቅ ሄድፎን ካላችሁ ግን ከጀርመን ለሚመጣው ዘመድ ሳይሆን ከአሜሪካ ለሚመጣው ንገሩ። አዳፕተሯ ከ48,000 ሄርዝ በላይ ስለማትቀበል፣ 96,000 የሆነ ፋይል ኤክስክሉሲቭ ላይ እምቢ ቢላችሁ ፉባር ውስጥ ሪሳምፕለር (የናሙና መጠን ቀያሪ) አስገብታችሁ 48,000 ላይ አድርጉት። ላፕቶፓችሁ ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ ከሲ ወደ እሱ የምትቀይር ትንሽ ማያያዣ ጨምሩ።

የእኔን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን አምጥቶልኝ ዓመት ሊሆናት ነው። ገመዷ ቀጭን ስለሆነች ቦርሳ ውስጥ ስትታጠፍ አንገቷ ላይ መላጥ ጀምራለች። ለፋሲካ ሲመጣ ሁለት እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ።