ሪከርደር ወይስ ሰርቨር?
በጎ (Go) የፕሮግራም ቋንቋ ሰርቨር የሚጽፍ ሰው ኤችቲቲፒቴስት (httptest) የተባለውን የመሞከሪያ ፓኬጅ ያውቀዋል። ደንበኛውን (ጥያቄ ላኪውን ፕሮግራም) እና ሰርቨሩን በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ለመሞከር ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ ኒውሪከርደር (NewRecorder) እና ኒውሰርቨር (NewServer)።

በኒውሪከርደር ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ሀንድለሩን (ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠውን ኮድ) እንደ ተራ ፈንክሽን ትጠሩታላችሁ፤ መልሱ ሚሞሪ ላይ ይቀመጣል። ፈጣን ነው። የራሴን ኮድ ፍጥነት ለመለካት እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ኒውሰርቨር ግን 127.0.0.1 (የኮምፒውተሩ የራሱ አድራሻ) ላይ እውነተኛ የቲሲፒ (የኔትወርክ ግንኙነት ደንብ) ፖርት ይከፍታል። ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) እና ኪፕአላይቭ (የተከፈተን ግንኙነት ሳይዘጉ ደግሞ መጠቀም) የሚፈተሹት እዚህ ነው። ልዩነቱ ሀንድለሩ ፓኒክ ሲያደርግ (በድንገተኛ ስህተት ሲቋረጥ) ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ በሪከርደር ቴስቱ ራሱ ይወድቃል፤ በሰርቨር ግን ፓኒኩ እዚያው ተይዞ ይቀራል፣ ደንበኛው የሚያየው የተቋረጠ ግንኙነት ብቻ ነው።

ቤንችማርክ (የፍጥነት ልኬት) ላይ ደግሞ ሰርቨሩ ያታልላል። ከደንበኛው ጋር ሲፒዩና ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማያስፈልግ ሚሞሪ አጽጂ) ይሻማሉ። የአሎኬሽን (ሚሞሪ የመያዝ) ቁጥሩም የሁለቱ ድምር ነው (ብዙ ሰው ይህን ልብ አይልም)። የመልሱን ቦዲ (ዋና ይዘት) አንብባችሁ ካልዘጋችሁማ ጉድ ነው፦ ግንኙነቱ ዳግም ስለማይሠራበት ለየጥያቄው አዲስ ይከፈታል፤ የምትለኩት ኮዳችሁን ሳይሆን የቲሲፒን ሰላምታ (ግንኙነት የመክፈቻ ልውውጥ) ይሆናል።